ሳይገድሉ ጎፈሬ

አደን የሰው ልጅ ከያዛቸው ሥራዎች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሲሆን፣ በመሠረቱ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ አውሬው የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር ማወቅ፣ ሳይታዩና ሳይሸተቱ እስከሚበቃ ድረስ መጠጋት፣ ከዚያም ምቱን በትክክለኛው ቦታ ላይ ማሳረፍ። ከሦስቱ መካከል በገንዘብ የሚገኘው የሦስተኛው እኩሌታ ነው፤ ጠብመንጃው ይሸጣል፣ ቦታውን ማወቅና እጅን ማጽናት ግን በየትኛውም መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም። ይሁን እንጂ አደን በመዝናኛነት በሚዘወተርባቸው አገሮች የአደን ዕቃ መደብር የገባ ሰው፣ ሁለት ሙሉና አንድ ግማሽ ነገር እንደሚጎድለው የሚነግረው አያገኝም፤ የሚነገረው እስካሁን ያልገዛቸው ሠላሳና አርባ ዕቃዎች ዝርዝር ነው፤ እርሱም ዝርዝሩን በአክብሮት ተቀብሎ ይከፍላል፤ ከዚያም የገዛውን ሁሉ ተሸክሞ ጫካ ከገባ በኋላ፣ አውሬው ሸክሙን ገና ከሩቅ ሰምቶ አገር ለቆ ሲሄድ፣ የጎደለው አርባ አንደኛው ዕቃ እንደ ሆነ ይደመድማል።

የአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ይህን ጠባይ ከጥንት ያውቀዋል። በቀድሞው ዘመን ጎፈሬ፣ ማለትም ተበጥሮና ተከምሮ የሚያድግ የራስ ጠጉር፣ አንበሳን ወይም ዝሆንን የመሰለ ትልቅ ግዳይ የጣለ፣ አለዚያም በጦር ሜዳ ሙያ የሠራ ሰው ምልክት ስለ ነበረ፣ ሥራው ሳይኖር ምልክቱን ያበቀለ ጎረምሳ «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» እየተባለ ይተረትበት ነበር። የድሮው ጎፈሬ ግን ቢያንስ ወጪ አላበዛም፤ በቅሎ የሚወጣው ከገዛ ራስ ነው፣ የሚፈልገውም ጥቂት ቅቤና አንድ ሚዶ ነበር። የዛሬው ጎፈሬ ባትሪ ይፈልጋል።

የዘመኑን ጎፈሬ ለመመርመር አመቺው አገር አሜሪካ ነው። በዚያ በብዛት የሚታደነው ነጭ ጭራ ዋላ ነው፤ ይህም ሲደነግጥ ጭራውን አቁሞ ከሥሩ ያለውን ነጭ ጠጉር እያሳየ የሚሸሽ፣ ከእርሻ ዳርና ከመንደር አጠገብ ሳይቀር የሚኖር እንስሳ ነው። ይህን እንስሳ ለማታለል ከሚሸጡት ነገሮች ሁሉ በመጀመሪያው ረድፍ የሚቆመው የቅጠልና የቅርንጫፍ ሥዕል የታተመበት ልብስ ነው፤ አዳኙ ከኮፍያ እስከ ጫማ ይህን ለብሶ ራሱን ከጫካው ጋር ካመሳሰለ በኋላ፣ በአብዛኞቹ ክፍላተ አገር በጠብመንጃ አደን ወቅት የሚሠራው ሕግ በላዩ ላይ ዓይን የሚወጋ ብርቱካንማ ሰደርያ እንዲደርብ ያስገድደዋል። የሕጉ ምክንያት የሚያስነቅፈው አይደለም፤ አንዱ አዳኝ ሌላውን አዳኝ በዋላ ተሳስቶ እንዳይመታው ነው። ውጤቱ ግን አንድ ሰው እንዳይታይ ብሎ ብዙ ገንዘብ ከከፈለ በኋላ፣ እንዲታይ ብሎ ትንሽ ገንዘብ ጨምሮ ሁለቱንም በአንድ ገላ ላይ ለብሶ መሄዱ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቀው የዋላው ዓይን ነው። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ከአንድ አዋጅ ቁጥር በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት፣ የሰው ዓይን ቀለምን የሚለየው በሦስት ዓይነት ሕዋሳት ሲሆን የዋላ ዓይን ያለው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለሰው የሚጮኸው ብርቱካንማ ቀለም ለዋላው ደብዛዛ ሆኖ ያልፋል፣ በአንጻሩ ሰማያዊውንና ከእርሱም አልፎ የሰው ዓይን የማያየውን ጨረር በደንብ ያያል። ብዙዎቹ የልብስ ሳሙናዎች ደግሞ ነጩን ይበልጥ ነጭ ለማስመሰል ሰማያዊ ብርሃን የሚረጭ ቅመም ይጨመርባቸዋል። በዚህም መሠረት የቅጠሉን ልብስ በየሳምንቱ በትጋት የሚያጥብ ንጹሕ አዳኝ በዋላው ፊት ሊደምቅ ሲችል፣ አባቱ የተወለትን ያረጀ ቡናማ የሱፍ ካፖርት ለብሶ ዛፍ ሥር ሳይነቃነቅ የተቀመጠ አዳኝ ግን ጉቶ መስሎ ይታለፋል። ዋላ ከቀለም ይልቅ እንቅስቃሴን ፈጥኖ ይለያልና፣ ከሁሉ የሚሻለው መሸሸጊያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ይህ ግን በነጻ የሚገኝ በመሆኑ ማስታወቂያ አልተሠራለትም።

ከዓይን ወደ አፍንጫ ሲታለፍ ገበያው ይበልጥ ይሰፋል። የዋላ አፍንጫ ከዓይኑ እጅግ የበረታ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ ነጋዴው ሽታ ያጠፋል የሚባል ፈሳሽ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ በልዩ ሙቀት የተዘጋጀና ሽታን መጥጦ የሚያስቀር የከሰል ዱቄት የተሠራበት ልብስ፣ በመጨረሻም ጥፋቱን ሁሉ እንዲሸፍን በጠርሙስ የታሸገ የዋላ ሽንት ያቀርባል። ከሰሉ በእርግጥ ሽታ ይመጥጣል፤ ችግሩ ግን ከሞላ በኋላ እንደ አዲስ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ሙቀት በየቤቱ የሚገኘው የልብስ ማድረቂያ ከሚሰጠው እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው። የዋላው ሽንት ደግሞ አንጎልን የሚያበላሽ ገዳይ የዋላ በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ ስለ ተፈራ በተለያዩ ክፍላተ አገር ታግዷል፤ በዚህ ምክንያት አዳኙ ቀድሞ በነጻ በየቁጥቋጦው ይፈስ የነበረውን ነገር በገንዘቡ ገዝቶ፣ ከመግዛቱም የተነሣ ሕግ ሊተላለፍ የሚችልበት ዘመን ላይ ደርሷል።

በሌላ በኩል አሮጌ አዳኞች በየአህጉሩ ሳይመካከሩ የደረሱበት አንድ መፍትሔ አለ። አዳኙ ጎንበስ ብሎ ደቃቅ አፈር ወይም አመድ ይዘግናል፤ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል፤ ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ ያያል፤ ከዚያም ነፋሱ ከአውሬው ወደ እርሱ በሚነፍስበት በኩል ዞሮ ይጠጋል። ነፋሱ ወደ አውሬው የሚሄድ ከሆነ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ወይም ቤቱ ይገባል። የዚህ ዘዴ ጉድለቱ አንድ ነው፤ አንዳንድ ቀን ቤት መግባትን ይጠይቃል። ሽታ ማጥፊያው የሚሸጠውም በእውነቱ ሽታ ስለሚያጠፋ ሳይሆን ነፋሱ ባልተመቸ ቀንም አዳኙ ቤቱ እንዳይገባ ስለሚፈቅድለት ነው፤ በአብዛኛው የዘመኑ የአደን ዕቃ ላይ የሚከፈለው ዋጋ ሲመረመር፣ አንድን ትምህርት ሳይማሩ ለማለፍ የሚከፈል ዋጋ ሆኖ ይገኛል።

በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያለፈውን እንስሳ ሁሉ እያነሣ ወደ ስልክ የሚልከው ካሜራም ከዚህ አይለይም። ካሜራው የሚናገረው ዋላው ትናንት በሦስት ሰዓት የነበረበትን ቦታ ነው፤ ዱካ ግን ከዚህ የሚበልጥ ይናገራል። ዱካ ማለት እንስሳው በኮቴው በመሬት ላይ የሚተወው ምልክት ሲሆን፣ የሚያነበው ሰው ከጫፉ ስለት ትኩስነቱን፣ ከእርምጃው ርዝመት ፍጥነቱን፣ ከጥልቀቱ ክብደቱን፣ ከአቅጣጫው ሐሳቡን ያገኛል። የዱካው ጠርዝ በነፋስ ተሸርሽሮ ከተንኮታኮተ ቆይቷል፤ ሌሊት በሚወጡ ነፍሳት እግር ከተረገጠ እንስሳው ያለፈው ከሌሊቱ በፊት ነው፤ ጤዛ የወረደበት ሣር በመስመር ጤዛው ተራግፎ ከተገኘ ደግሞ ያለፈው ጤዛው ከወረደ በኋላ ነውና አዳኙ መናገሩን ትቶ ዓይኑን ይክፈት። ይህን ሁሉ ለማንበብ ባትሪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ተሳስቶ መመለስ ብቻ ነው።

የዕቃና የልምድ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በታሪክ ከተመዘገቡት ግጥሚያዎች መካከል አንዱ የተደረገው በሰቲት ወንዝ ዳር ነው፤ ሰቲት የተከዜ የታችኛው ክፍል ሲሆን ኢትዮጵያን ከሱዳን ጋር በሚያዋስነው ቆላ ይፈሳል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 ወደዚህ አካባቢ ሲመጣ ከመሣሪያዎቹ መካከል ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም 227 ግራም ያህል የሚመዝን ፈንጂ ጥይት የሚተኩስ፣ ራሱ ወደ 9 ኪሎ ግራም የሚከብድ ጠብመንጃ ነበረው። ይህ መሣሪያ ወደ ኋላ የሚመታው ምት እጅግ ከባድ ስለ ነበረ ባለቤቱን በቆመበት ያሽከረክረው ነበር፤ ቤከር በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የገዛ ጠብመንጃውን ይፈራ እንደ ነበረ ሳይደብቅ ጽፏል። አረብኛ ተናጋሪዎቹ አገልጋዮቹ «የመድፍ ልጅ» የሚል ስም አወጡለት። ለፍርድ ያህል መባል ያለበት ግን፣ ቤከር በዚህ መሣሪያ ስቶ እንደማያውቅም መመዝገቡ ነው፤ ሆኖም በብዙ ዓመታት ውስጥ የተኮሰበት ወደ ሃያ ለሚጠጋ ጊዜ ብቻ ነበር። ሳይስቱ ለመኖር ይህም አንድ ዘዴ ነው፤ ባለቤቱን የሚያስፈራ ጠብመንጃ ከመተኮሱ በፊት ብዙ ያሳስባል።

ቤከር በዚያው በሰቲት ዳር ያገኛቸው ሐምራን የተባሉ አረቦች ግን ዝሆን የሚያድኑት በሰይፍ ነበር። አጋጊር የሚባሉት እነዚህ ሰይፈኛ አዳኞች በፈረስ ተቀምጠው ሦስት ወይም አራት ሆነው ይወጣሉ። አንደኛው በዝሆኑ ፊት ለፊት እየጋለበ ያናድደውና እንዲያባርረው ያደርጋል፤ ዝሆኑ በፊቱ ያለውን ፈረስ ለመያዝ ሐሳቡን ሁሉ በሰጠበት ሰዓት ሌላው ከኋላ ደርሶ፣ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ዘሎ ወርዶ፣ በሁለት እጁ በያዘው ሰይፍ ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት ይቆርጣል። ጅማቱ የተቆረጠበት ዝሆን በገዛ ክብደቱ እግሩ ስለሚታጠፍ ከዚያ በኋላ አይሄድም። ሰይፉ ሁለት አፍ ያለው ቀጥ ያለ ሰይፍ ነው፤ ቀኝ እጅ ስለቱን መጨበጥ እንዲችል ከመያዣው በታች ያለው ክፍል በገመድ ይጠመጠማል፤ ማሻሻያ የሚባለው ዕቃ ይህ ገመድ ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው በዝሆኑ ፊት የመጋለቡን ሥራ የሚሠራው ሮደር ሸሪፍ አንድ እጁ የሰለለ ሰው መሆኑ ነው፤ እርሱ ልጓሙንና የዝሆኑን ጠባይ ስለሚያውቅ ሌላ ነገር አላስፈለገውም።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሰይፍ ይሻላል ብሎ እንዳይደመድም ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው። የሐምራኖች አደን ለዝሆኑ ጭካኔ የሞላበት፣ ለአዳኙም አንድ ስሕተት የማያስተርፍ ነበር። ከታሪኩ የሚገኘው ቁም ነገር፣ ሰይፉ የሚሠራው ዝሆን ምን እንደሚያይ፣ በምን እንደሚናደድና ክብደቱን በየትኛው እግሩ እንደሚጥል በሚያውቅ ሰው እጅ መሆኑ ነው፤ ይህን ለማያውቅ ሰው ሰይፉም የመድፉ ልጅም እኩል ጌጥ ናቸው።

የክርክሩን ሁለተኛ ምዕራፍ የጻፈው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል (1880–1954) ነው፤ በዛሬይቱ ኡጋንዳ ከሚገኘው ካራሞጃ ከተባለው አገር የተነሣ «ካራሞጃ ቤል» ይባላል፤ ወደ ኢትዮጵያም ዘልቆ በጋምቤላ በኩል በሚፈሰው በጊሎ ወንዝ አካባቢ አድኗል። በእርሱ ዘመን የነበሩት አዳኞች ለዝሆን የሚገባው ትልቅ አፈሙዝ ያለው ከባድ ጠብመንጃ ነው በሚል እምነት ሲከራከሩ፣ ቤል ከአንድ ሺህ በላይ ከጣላቸው ዝሆኖች አብዛኞቹን የመታው አፈሙዙ 7 ሚሊ ሜትር በሆነ፣ ለወታደርና ለዋላ አደን በተሠራ ቀላል ጠብመንጃ ነበር። የጥይቱ እርሳስ ወደ 11 ግራም ይመዝን ስለ ነበረ፣ የቤከር አንድ ጥይት ለቤል ሃያ ጥይት ይወጣዋል። ቤል ይህን የቻለው የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስቆርጦ አንጎሉ በየትኛው በኩል እንደሚገኝ በዓይኑ ስላየ ነው። የዝሆን ራስ ግዙፍ ቢሆንም አንጎሉ ከራሱ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ትንሽና በወና አጥንት የተከበበ በመሆኑ፣ አንጎሉን የሳተ ትልቅ ጥይት ዝሆኑን ያስቆጣዋል እንጂ አይጥለውም፤ በብረት የተሸፈነች ትንሽ ጥይት ግን ቦታውን ካገኘች ሌላ አያሻትም። ሌሎቹ አዳኞች አፈሙዝ ሲያሰፉ እርሱ መጋዝ ገዛ ማለት ነው፤ በታሪክ ውስጥ ጠቃሚ የአደን ዕቃ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ዕቃ ቢኖር ይህ መጋዝ ነው።

ቤል ያጠፋው የዝሆን ብዛት ዛሬ ሲነበብ ማስደነገጡ አይቀርም፤ ዝሆኑ በበዛበትና የዝሆን ጥርስ በገፍ በሚነገድበት ዘመን የኖረ ሰው ነበርና ለቁጥሩ የሚያጨበጭብለት ሊኖር አይገባም። የሚወረሰው ዘዴው ነው፤ ይኸውም መሣሪያ ከመለወጥ በፊት እንስሳውን ማወቅ።

ከዕቃው ቀጥሎ የሚመጣው ሸክም ምክር ነው። የአደን መካሪዎች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሚሸጥ መካሪ ነው፤ ይህ በሚሰጠው ምክር መጨረሻ ላይ ዘወትር ዋጋ ይገኛል። ሁለተኛው ያየ መካሪ ነው፤ አንድ ጊዜ በአንድ ጫካ በአንድ ቀን የሆነለትን ነገር ለሁሉም ጫካና ለሁሉም ቀን ሕግ አድርጎ ይደነግጋል፤ በዚያ ቀን ቀኝ ኪሱ ውስጥ ሽንኩርት ከነበረ፣ ሽንኩርት የሌለው አዳኝ ከንቱ መሆኑን እስኪሞት ይመሰክራል። ሦስተኛው የሰማ መካሪ ሲሆን ብዛቱ ከሁለቱ ይበልጣል፤ ጠብመንጃ ተኩሶ የማያውቅ፣ ግን የትኛው ጠብመንጃ ለየትኛው አውሬ እንደሚበቃ በቁጥርና በነጥብ የሚከራከር ነው። «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ ሰው የተተረተ ይመስላል፤ አሞሌ ማለት ጥንት እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረ የጨው ጡብ ነው፤ መካሪው የበቅሎውን ዓይነትና ቀለም ይመርጣል፣ አሞሌው ግን ከሌላው ሰው ከረጢት ይወጣል። ሦስቱም መካሪዎች የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ጀማሪው ብቻውን ሄዶ ተቀምጦ ቢያይ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ ለማንሣት ፈቃደኛ አለመሆናቸው ነው፤ እንዲህ ካደረገማ ሊመክሩት አይችሉም።

ይሁን እንጂ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው። ከካሊፎርኒያ ያሂ ከተባለው ነገድ ብቻውን የተረፈው ኢሺ በ1911 ኦሮቪል በተባለች ከተማ ከተገኘ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1916 ድረስ በሳን ፍራንሲስኮ ሲኖር፣ ሳክስተን ፖፕ ለተባለ ሐኪም ቀስት መሥራትንና ማደንን አስተምሮታል። ፖፕ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ኢሺ በሜዳ ላይ በተተከለ ዒላማ ሲተኩስ ከሠለጠኑት ነጮች ቀስተኞች ያንስ ነበር፤ ጫካ ሲገባ ግን የሚተካከለው አልነበረም። ምክንያቱም ዒላማ አይሸሽም፤ ዋላ ግን ይሸሻልና፣ ኢሺ ከሩቅ መምታትን ሳይሆን መቅረብን ነበር የሚያውቀው። ከአደን በፊት ዓሣ አይበላም፣ ትምባሆ አያጨስም፣ ማልዶ ገላውን ይታጠባል፤ በዘመኑ ቋንቋ ሲነገር ሽታ መቆጣጠር ማለት ይኸው ነው፣ ወጪውም አንድ ጾምና ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ጥንቸል ለመጥራት ጣቶቹን ከከንፈሩ ጋር አገናኝቶ እየሳመ የተያዘች ጥንቸልን የጣር ድምፅ ያሰማል፤ ጥንቸሎቹም ምን እንደ ሆነ ለማየት ይመጣሉ። ዛሬ ለዚሁ ሥራ ድምፅ ማጉያ ያለው መሣሪያ ከነርቀት መቆጣጠሪያው ይሸጣል፤ የኢሺን ከንፈር የሚበልጠው ግን በክብደቱ ብቻ ነው።

ፖፕ ያገኘው ምክር ነበር፤ ነገር ግን መካሪው በፊቱ እየሄደ፣ እያሳየ፣ ሲሳሳትም እያረመ የሰጠው ምክር ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከእግር ሥር እየተከተሉ የሚቀበሉት ምክር የሌላ ሰው ልምድ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ የራስ ይሆናል፤ ከመደብር የሚቀበሉት ምክር ግን የሌላ ሰው ትርፍ ነው።

ልምድ እስከ ምን ድረስ ዕቃን ሊተካ እንደሚችል የሚያሳየው የመጨረሻው ጫፍ የካላሃሪ ሳኖች አደን ነው። ሳን የሚባሉት የደቡባዊ አፍሪካ ጥንታዊ አዳኞች በቀን ሐሩር፣ የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ሰዓት፣ በኢትዮጵያም የሚገኘውን አጋዘን በሩጫ እየተከተሉ የሚያደክሙበት ዘዴ አላቸው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ተመራማሪ ሉዊስ ሊበንበርግ ይህን አብሯቸው ሆኖ አጥንቶታል። አጋዘን ከሰው ይፈጥናል፣ ነገር ግን ሰውነቱን በዋናነት የሚያበርደው እያለከለከ ስለሆነና እየጋለበ በደንብ ማለክለክ ስለማይችል ይግላል፤ ሰው ደግሞ ይዘገያል፣ ግን እየሮጠ ያልባል። አዳኙ አጋዘኑ ጥላ ሥር አርፎ እንዳይበርድ በዱካው እየደረሰ ያስነሣዋል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አጋዘኑ መንቀሳቀስ ተስኖት ይቆማል። ብዙዎች ይህን የጉልበት ሥራ አድርገው ይተርኩታል፤ እውነቱ ግን ዱካ ማንበብ የማይችል ሯጭ፣ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ቢኖረው እንኳ፣ አጋዘኑ ከዓይኑ ከተሰወረ በኋላ የሚሮጠው ወደ ቤቱ ብቻ መሆኑ ነው።

ማቅለል ግን ማጉደል አይደለም። በሕንድ ሰው በላ ነብሮችንና ግስላዎችን በማደን የታወቀው ጂም ኮርቤት በ1907 ቻምፓዋት በተባለው አካባቢ 436 ሰዎች ገድላለች ተብላ የተነገረላትን እንስት ነብር (ይህም መላ ገላው ዥንጉርጉር የሆነው የእስያው ትልቅ ነብር ነው) ሊገድል ሲወጣ የያዘው ሦስት ጥይት ብቻ ነበር። ሦስት መቶ ያህል የአካባቢው ሰዎች ከበሮ እየመቱና እየጮኹ ወደ እርሱ ነዱለት፤ ኮርቤት ሦስቱንም ተኩሶ ጨረሰ፤ ነብሯ ቆስላ ቆማ ሳለ ወደ አውራጃው ሹም ሮጦ ያረጀ ጠብመንጃ ተውሶ ነገሩን ፈጸመው። ጥቂት ጥይት መያዙ የልምድ ውጤት ነበር፤ የልምድ መጨረሻ ግን በልኩ መያዝ እንጂ በኩራት መያዝ አይደለም። የታጠቀው ሁሉ የሚጠቅመው አዳኝ የለም፤ ከሚያስፈልገው በታች ታጥቆ አውሬን አቁስሎ የሚተው ሰው ግን ቀላል አዳኝ ሳይሆን በደለኛ ነው። ስለት ያለው ቢላዋ፣ የሚታወቅና የተፈተነ ጠብመንጃ፣ የሚበቃ ጥይት፣ ውኃ፣ እሳት መጫሪያና የት እንደ ሄዱ የሚያውቅ አንድ ሰው ቤት ውስጥ መተው፣ እነዚህ ጎፈሬ አይደሉም።

ልምድም ቢሆን የሚታዘዝለት ነገር አለ። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን አይቻልም፤ «አያቶቼ ያለ ፈቃድ ያድኑ ነበር» የሚለው ክርክር በፍርድ ቤት እንደ ልምድ አይቆጠርም። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ደጋ አጋዘን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን እንስሳ ያወቁት አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ በ1908 ከገደለ በኋላ ሲሆን ስሙንም በ1910 ለንደን ላይ አወጡለት፤ የአካባቢው ሰው ግን ከዚያ በፊት ስም አውጥቶለት፣ የሚውልበትንና የሚያድርበትን አውቆ አብሮት ይኖር ነበር። ዛሬ በውድ ዋጋ ፈቃድ ገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አዳኝም በሻንጣው የሚያመጣው መነጽርና ርቀት መለኪያ የቱንም ያህል ቢሆን፣ የጎለመሰውን ወንድ ከወጣቱ ለይቶ «ይህንን ተወው» የሚለው በዚያ ተራራ ላይ ያደገ ዱካ አዋቂ ነው። ማደን ማለት መምታትን ብቻ ሳይሆን የማይመታውን ማወቅንም ይጨምራል፤ ይህኛው እውቀት ደግሞ ከሁሉ ዘግይቶ ይገኛል።

የዚህ ሁሉ መደምደሚያ አጭር ነው። ዕቃ የአዳኝን መንገድ ያሳጥርለታል እንጂ እውቀቱን አይተካለትም፤ እውቀት ለሌለው ሰው ደግሞ የሚያሳጥርለት ነገር የለም። ስለዚህ ጀማሪ አዳኝ የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ጠብመንጃና አንድ የጫካ ክፍል ይዞ ቢያሳልፈው፣ የሚገዛውንም ዕቃ ያለዚያ ዕቃ ሦስት ጊዜ ከከሸፈ በኋላ ብቻ ቢገዛው፣ መካሪ ሲመጣበትም ከሁሉ አስቀድሞ «አብረን እንውጣ» ቢለው ይጠቅመዋል። መካሪው እሺ ካለ ሰውዬው መምህር ነው፤ ሥራ በዛብኝ ካለ ግን ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ታውቋልና አፈር መዝገን አያስፈልግም።